ሕመም የታካሚን የዕለት ኑሮ ምን ያህል እንደሚያደናቅፍ ለመለካት የትኛው መጠይቅ ይሻላል? ጎንደር ላይ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የንጽጽር መመሪያ

ለተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል አንድ መጠይቅ ብቻ ይመረጥ ከተባለ ፔግ (PEG፣ ባለ 3 ጥያቄ የሕመም መጠይቅ) ይበቃል። ለካንሰርና ለማስታገሻ ሕክምና የቢፒአይ (BPI፣ የሕመሙን ብርታትና ማደናቀፉን ለየብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ) አጭሩ ቅጽ ይሻላል። ጉዳዩ የወገብ ሕመም ብቻ ከሆነ ምርጫው በሮላንድ ሞሪስና በኦስዌስትሪ መካከል ነው። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ደግሞ ከየትኛውም ጋር ታካሚው የቸገረውን ሥራ ራሱ የሚጠራበትን ፒኤስኤፍኤስን (PSFS) ቢጨምር ያተርፋል። የሚቀረው ለምን እንደሆነና እነዚህ ቅጾች እዚህ የት የት እንደሚሰናከሉ ማሳየት ነው።

"ሕመሙ ከ10 ስንት ነው?" የሚለው የተለመደ ጥያቄ የሚለካው የሕመሙን ብርታት ብቻ ነው። ሁለት ሴቶች እኩል "7" ይላሉ፤ አንዷ ግን የቤቱን እንጀራ ጋግራ ትነሣለች፣ ሌላዋ ነጠላዋን ለመልበስ እንኳ ሰው ትጠብቃለች። ከ3 ወር ያለፈ ሕመም ላይ መድኃኒቱም ሆነ እንቅስቃሴው ቁጥሩን ከ7 ወደ 6 ብቻ ሊያወርደው ይችላል፤ ታካሚዋ ግን ተመልሳ ገበያ መውጣት ከጀመረች ሕክምናው ሠርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባም ሥር የሰደደ ሕመምን ክብደት ሲመድብ ብርታቱን፣ የሚያመጣውን ጭንቀትና ሥራ ማደናቀፉን ለየብቻ ነው የሚያየው።

ከጥያቄው ብዛት በፊት ጊዜው ይታይ

ብዙ ሰው መጠይቅ ሲመርጥ ስንት ጥያቄ እንዳለው ይቆጥራል። እኛ ጋ ከዚያ የሚበልጠው መጠይቁ ስለ የትኛው ጊዜ እንደሚጠይቅ ነው። የቢፒአይ አጭሩ ቅጽ ያለፉትን 24 ሰዓታት፣ ፔግና ፕሮሚስ (PROMIS፣ በአብዛኛው ለጥናት የሚውል የሕመም ጣልቃ ገብነት ቅጽ) ያለፉትን 7 ቀናት፣ ዎዳስ (WHODAS፣ በጤና ችግር ሁሉ የሚመጣን የአቅም መጉደል የሚለካ መጠይቅ) ያለፉትን 30 ቀናት፣ ሮላንድ ሞሪስ ደግሞ የዛሬን ብቻ ይጠይቃሉ።

ከደምቢያ የመጣ ገበሬ በወሩ 13ኛው ቀን ካርድ አውጥቶ ገባ እንበል። ያለፉት 24 ሰዓታት የዋሉት በ12፣ በሚካኤል ነው። በሬ አልጠመደም፣ ዶማም አላነሣም። "ሕመሙ ሥራዎን ምን ያህል አደናቀፈብዎ?" ሲባል "ትናንትማ ምንም" ብሎ 0 ወይም 1 ይሰጣል፤ አልዋሸም። በ22 የመጣም ማርያምን አክብሮ፣ በ28 የመጣም መድኃኔዓለምን አክብሮ ነው የሚመልሰው። ሰኞ ጠዋት የሚሞላ የ24 ሰዓት ቅጽ የሚለካው እሑድን ነው። የ7 ቀን መጠይቅ የትም ቢጀመር አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ፣ የገበያና የሥራ ቀንም ጨምሮ ስለሚይዝ ይህ መዛባት ይቀንሳል። (ከ19 እስከ 23 ገብርኤል፣ ማርያምና ጊዮርጊስ ሲደራረቡ ሳምንቱም ቢሆን በበዓል መሙላቱ አይቀርም።) 30 ቀን ሁሉንም በዓል ያጠቃልላል፤ ነገር ግን ሰው ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረውን ሳይሆን የሰሞኑን ነው የሚያስታውሰው።

የክትትሉ ቀንም የራሱ ወጥመድ አለው። ጉልበቱን የሚያመው ታካሚ በሰሙነ ሕማማት ቢለካና በ4 ሳምንቱ ቢደገም፣ ሁለተኛው ልኬት ስግደት በሌለበት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይወድቃል። ነጥቡ ይወርዳል፤ የወረደው ግን ሕክምናው ስለሠራ ይሁን ጉልበቱ ስላረፈ አይለይም። በሐምሌ አረም ላይ የተለካን ገበሬ ከመስከረም ልኬቱ ጋር ማወዳደርም እንዲሁ ነው። ይህን የሚያርም የሒሳብ ዘዴ የለም። ካርዱ ላይ ከነጥቡ ጎን "ጾም፣ ስግደት አለ" ወይም "የአጨዳ ሰሞን" ብሎ መጻፍ ግን ግማሽ ደቂቃ አይወስድም፤ ቀጣዩን ሐኪም ከስህተት ያድነዋል።

ታካሚው የተኛ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ሞርፊን በየቀኑ ከፍ ዝቅ ለሚደረግለት ሰው ያለፈው ሳምንት ምን እንደነበር አይጠቅምም፤ 24 ሰዓቱ ነው የሚፈለገው። ቢፒአይ ለዚህ የተመቸ ነው።

ፔግ

በ2009 እ.ኤ.አ. ከቢፒአይ ጥያቄዎች ተቀንሶ የወጣ ባለ 3 ጥያቄ ቅጽ ነው፦ ያለፈው ሳምንት አማካይ ሕመም፣ ሕመሙ በሕይወት ደስታ ላይ ያመጣው ጣልቃ ገብነት፣ በአጠቃላይ እንቅስቃሴ ላይ ያመጣው ጣልቃ ገብነት። ሁሉም ከ0 እስከ 10 ናቸው፤ ተደምረው ለ3 ይካፈላሉ። ድምፅ ተደርጎ ቢነበብ ከ2 ደቂቃ አይበልጥም። ከመነሻው 30 በመቶ መቀነስ ትርጉም ያለው ለውጥ ተብሎ ይወሰዳል።

ድክመቱ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ከ3ቱ አንዱ ብርታትን እንጂ ማደናቀፍን አይለካም። ታካሚዋ መጀመሪያ 7፣ 6፣ 8 ሰጠች፤ አማካዩ 7.0 ነው። ከ8 ሳምንት በኋላ 7፣ 4፣ 4 ሰጠች፤ አማካዩ 5.0። ለውጡ 29 በመቶ ስለሆነ ከ30 በታች ወደቀ፤ "አልተሻላትም" ሊባል ነው። ሁለቱን የማደናቀፍ ጥያቄዎች ብቻ ብናይ ግን ከ14 ወደ 8 ወርደዋል፤ 43 በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ቁጥሮች በቅደም ተከተል መጻፍ ግድ ነው። አማካይ ብቻ የተጻፈበት ካርድ ቀጠሮ ሲደርስ ተመልሶ አይፈታም።

ቢፒአይ፣ አጭሩ ቅጽ

ለካንሰር ሕመም የተሠራ፣ በኋላ ለሌላውም የተስፋፋ መጠይቅ ነው። የሰውነት ሥዕል አለው፤ ታካሚው የሚያመውን ቦታ ያጠቁርበታል። 4 የብርታት ጥያቄዎች (ከሁሉ የከፋው፣ ከሁሉ የቀለለው፣ አማካዩ፣ አሁን ያለው)፣ አንድ በመድኃኒት የተገኘ እፎይታ በመቶኛ፣ ከዚያም 7 የማደናቀፍ ጥያቄዎች አሉት፦ አጠቃላይ እንቅስቃሴ፣ ስሜት፣ መራመድ፣ የቤትም የውጭም ሥራ፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት፣ እንቅልፍ፣ የሕይወት ደስታ። ራሱ ለሚሞላ ሰው 5 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሲነበብለት ግን እጥፍ ጊዜ መያዝ ይሻላል።

የብርታቱና የማደናቀፉ ነጥብ ፈጽሞ አይቀላቀሉም፤ ለየብቻ ይታያሉ። የማደናቀፉ ነጥብ የ7ቱ አማካይ ነው። ከ7ቱ ቢያንስ 4ቱ ከተመለሱ ማስላት ይቻላል፤ የሚካፈለው ግን ለተመለሱት ብዛት ነው። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። አንድ ታካሚ 6፣ 4፣ 7፣ 8፣ 3፣ 7፣ 5 ቢሰጥ ድምሩ 40፣ አማካዩ 5.7 ይሆናል። በሁለተኛው ጊዜ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ መራመድን ሳይመልስ ቢቀር ድምሩ 33 ነው፤ ለ6 ሲካፈል 5.5። ባዶውን 0 አድርጎ ለ7 ያካፈለ ሰው ግን 4.7 ያገኛል። ለዚህ መለኪያ ትርጉም ያለው ለውጥ የሚባለው 1 ነጥብ ነው፤ ታካሚው ምንም ሳይሻለው ልክ 1 ነጥብ የተሻለው መሰለ ማለት ነው። ባዶ ቦታ ላይ ሰረዝ ይደረግ እንጂ 0 አይጻፍ።

"አሁን ያለው ሕመም" የሚለው ጥያቄ ለተመላላሽ ታካሚ ብዙ አይታመንም። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ተጨንቆ የመጣ ሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የሚሰጠው ቁጥር የመንገዱ ነው። ቢያንስ ዐረፍ ብሎ ውኃ ይጠጣ።

ወገብ፦ ሮላንድ ሞሪስ ወይስ ኦስዌስትሪ?

ሮላንድ ሞሪስ 24 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ታካሚው ዛሬ ስለ እሱ እውነት የሆኑትን "አዎ" ይላል፣ "አዎ" የተባለው ተቆጥሮ ከ24 ይጻፋል። ቁጥር መምረጥ፣ መስመር ማንበብ የለበትም። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ከሁሉም ቅጾች የሚቀለው ይኸው ነው፤ ፈቃድም ክፍያም አይጠየቅበትም። ከመነሻው 30 በመቶ መቀነስ እንደ ለውጥ ይታያል፤ 14 የነበረ ሰው 9 ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ማለት ነው።

ችግሩ አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የእኛን ቤት የማያውቅ መሆኑ ነው። ደረጃ ሲወጡ መደገፊያ መያዝን የሚጠይቅ አለ፤ ካልሲ ማጥለቅን የሚጠይቅ አለ። ቤቱ ደረጃ የሌለው፣ በኮንጎ ጫማ የሚሄድ የወገራ አዛውንት ሁለቱንም "አይ" ይላል፤ ወገቡ ስለዳነ ሳይሆን ነገሩ ስለሌለ ነው። ነጥቡ ከእውነተኛው በታች ይሆናል ማለት ነው። አንዱን ሰው ከራሱ የቀድሞ ነጥብ ጋር እስካወዳደርን ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የማራኪን ነዋሪ ከገጠሩ ሰው ጋር በነጥብ ማወዳደር ግን አያስኬድም።

ኦስዌስትሪ 10 ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 5 የሚሰጣቸው 6 አማራጮች ይቀርባሉ። ድምሩ ለ50 ተካፍሎ በመቶኛ ይገለጻል። እስከ 20 ቀላል፣ 21–40 መካከለኛ፣ 41–60 ከባድ፣ 61–80 እጅግ የሚያሰናክል፤ ከ80 በላይ ደግሞ ወይ አልጋ የያዘ ወይ አጋንኖ የመለሰ ነው። የመጨረሻው በምርመራ ይለያል። ክፍሎቹ ማንሳትን፣ መቀመጥን፣ መቆምን፣ ጉዞን በዝርዝር ስለሚጠይቁ ለሐኪሙ የሚሰጡት መረጃ ከሮላንድ ሞሪስ ይበልጣል። በአንጻሩ 60 ዐረፍተ ነገር ድምፅ ተደርጎ ሲነበብ ታካሚው አራተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። ማንበብ ለማይችል ሰው አንመክረውም። ለሚያነብ፣ በተለይ ቀዶ ሕክምና ለሚታሰብለት ሰው ግን ተመራጭ ነው። ፈቃዱም ከባለመብቱ መጠየቅ አለበት።

ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚጠይቀውን ክፍል ብዙ ታካሚ ይዘለዋል፤ ባልና ሚስት አብረው ከገቡ፣ ወይም ልጅ ካስታመመ፣ በጭራሽ አይመልሱትም። ተገዶ አይጠየቅ፤ አካፋዩ ግን ይስተካከል። 9 ክፍል ተመልሶ ድምሩ 19 ከሆነ 19 ለ45 ማለትም 42 በመቶ ነው፤ ከባድ። በዝንጉነት ለ50 የተካፈለ እንደሆነ 38 በመቶ ይሆንና መካከለኛ ይባላል። ይኸው አንድ የማካፈል ስህተት ታካሚውን ከአንድ ምድብ ወደ ሌላ ያዛውረዋል።

ፒኤስኤፍኤስ፦ ታካሚው ሥራውን ራሱ ሲጠራ

ከላይ ካሉት አንዱም ስለ ስግደት አይጠይቅም። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለትን፣ ምጣድ ሥር ተጎንብሶ መጋገርን፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላትን፣ 20 ሊትር ጀሪካን አዝሎ ዳገት መውጣትን፣ ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስን የሚያውቅ የለም። ጎንደር ውስጥ ወገብና ጉልበት የሚፈተኑት ግን እዚህ ላይ ነው።

በፒኤስኤፍኤስ ታካሚው ከ3 እስከ 5 የቸገሩትን ተግባራት ራሱ ይጠራል፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። 0 ማለት "ፈጽሞ አልችልም"፣ 10 ማለት "ከመታመሜ በፊት እንደነበረው እችላለሁ" ነው። "እማማ፣ ሕመሙ ካስቀረብዎ ሥራ ይበልጥ የሚቆጭዎ የቱ ነው?" ተብሎ ይጀመርና ዝም ይባላል። ባለሙያው ምሳሌ ካቀረበ የሚመለስለት ያቀረበው ምሳሌ ነው። "እንጀራ መጋገር 3፣ ስግደት 1፣ ጀሪካን ማንሳት 2" ከተባለ አማካዩ 2.0 ነው። በአማካዩ 2 ነጥብ፣ በአንድ ተግባር ብቻ ከሆነ ደግሞ 3 ነጥብ መጨመር ከልኬት ስህተት ያለፈ ለውጥ ነው። በቀጣዩ ቀጠሮ የሚጠየቁት እነዚያው ተግባራት ናቸው፤ በአዲስ አይተኩም። ሁለት ታካሚዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ግን አይረዳም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ነውና የመረጠው።

አንድ ጥንቃቄ ያሻዋል፦ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው። በፔግና በቢፒአይ ከፍ ያለ ቁጥር መጥፎ ነው፣ እዚህ ጥሩ። ሁለቱ በአንድ ገጽ ከታተሙ በየርዕሳቸው ጎን "ሲጨምር ይብሳል"፣ "ሲጨምር ይሻላል" ተብሎ በደማቁ ይጻፍ፤ ታካሚው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገርም እንደገና ይብራራለት።

ፕሮሚስና ዎዳስ

እነዚህ በአብዛኛው የጥናት መሣሪያዎች ናቸው። የፕሮሚስ የሕመም ጣልቃ ገብነት ቅጽ ባለ 4፣ ባለ 6 እና ባለ 8 ጥያቄ አለው። መልሱ "በፍጹም" ከሚለው እስከ "እጅግ በጣም" በ5 ደረጃ በቃላት ስለሚሰጥ ቁጥር ከማይወዱ ሰዎች ጋር ያግባባል። ድምሩ በሠንጠረዥ ወደ ቲ ነጥብ ይለወጣል፤ 50 አማካይ፣ 10 ደግሞ አንድ መደበኛ ልዩነት ነው። ያ 50 ግን የአሜሪካ ሕዝብ አማካይ ነው። "ታካሚያችን ከአማካይ በላይ ነው" ብሎ መጻፍ ጎንደር ላይ ትርጉም የለውም፤ አንድን ሰው በጊዜ ሂደት ለማየት ግን ይሆናል።

ባለ 12 ጥያቄው ዎዳስ የሚለካው ሕመምን ሳይሆን በጤና ችግር ሁሉ የሚመጣን የአቅም መጉደል ነው። ሕመሙን ከስኳር ወይም ከድብርት ለይቶ አያሳይም። ታካሚው ብዙ በሽታ ሲደራረብበት ወይም የተለያዩ ሕሙማንን ሸክም ማወዳደር ሲፈለግ ይመረጣል።

ሲነበብ የሚበላሸው

የትኛውም ይመረጥ፣ አጠያየቁ ከተዛባ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። "ከ10 ስንት" ሲባል እንደ ትምህርት ቤት ፈተና የሚረዳ አለ፤ 10 ጥሩ፣ 0 መጥፎ። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት አንድ መፈተኛ ይቅረብ፦ "ምንም የማያመው ሰው ስንት ይላል?" ቢባሉ "0" ካላሉ እንደገና ይብራራ። ቁጥር ለማይቀናቸው 10 የባቄላ ፍሬ ጠረጴዛ ላይ መደርደር ይረዳል፤ ምንም አለማንሳት 0፣ ሁሉንም ማንሳት 10። በባቄላ የተጀመረ በባቄላ ይቀጥል፤ በአፍ፣ በጽሑፍ ወይም በፍሬ መሞላቱም ቅጹ ላይ ይመዝገብ።

"እንዴት ነዎት?" ከተባለ "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" የሚል መልስ ይመጣል። ሰላምታ ነው፤ የመጠይቁ መልስ ተደርጎ እንዳይወሰድ ሰላምታው በደንብ ያልቅና መጠይቁ ከዚያ ይጀመር።

በጣም የሚያሳስተው ግን ሥራውን ሌላ ሰው ሲረከበው ነው። "የቤት ሥራዎን አደናቀፈብዎ?" ሲባሉ "ኧረ ምንም፣ ምራቴ ናት የምትሠራው" ይላሉ፤ ጠያቂውም 0 ይጽፋል። መከተል ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ "ሕመሙ ባይኖር ኖሮ ራስዎ ይሠሩት ነበር?" አዎ ከሆነ ነጥቡ እንደገና ይጠየቅ። በዕድሜ ወይም በልማድ ትተውት ከሆነ 0 ትክክል ነው። አስታማሚው ቀድሞ የሚመልስ ከሆነም በትሕትና ከደጅ እንዲጠብቅ ይነገረው፤ ታካሚው መናገር ካቃተውና አስታማሚው ከመለሰ ይኸው ይጻፍ፣ ከታካሚው ከራሱ ነጥብ ጋርም አይወዳደር።

የሕይወት ደስታ ላይ ሰው ይቆማል። እያንዳንዱ ነርስ በራሱ መንገድ እንዳያብራራ የክፍሉ ሠራተኞች አንድ ማብራሪያ ተስማምተው ከቅጹ ጀርባ ቢያትሙት ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ "ከቤተሰብ፣ ከጎረቤት፣ ከማኅበር ጋር ሲሆኑ እንደ ቀድሞው ደስ ይልዎታል ወይስ ሕመሙ ያስቀርብዎታል?"

የአማርኛው ቅጽ ከየት ይምጣ?

ክፍል ውስጥ በቃል እየተተረጎመ የሚጠየቅ የእንግሊዝኛ ቅጽ መለኪያ አይደለም፤ ሁለት ጠያቂዎች ሁለት መጠይቅ ይጠይቃሉና። መጀመሪያ የመጠይቁን ባለመብት የአማርኛ ቅጽ እንዳለው መጠየቅ ይገባል፤ ቢፒአይ በአሜሪካው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ፈቃድ ነው የሚሰጠው። ከሌለ ሥራው እንዲህ ይሄዳል፦ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ወደ አማርኛ ይመልሱታል፣ ሁለቱ ተጣምረው አንድ ይሆናል፣ ዋናውን ያላዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ ቀድሞው ቋንቋ መልሰው ይተረጉሙታል፣ ባለሙያዎች ልዩነቱን ተቀምጠው ይፈታሉ፣ በመጨረሻም ከ30 እስከ 40 በሚሆኑ ታካሚዎች ይሞከራል። በሙከራው እያንዳንዱ ሰው "ይህ ጥያቄ ምን ማለት መሰለዎት?" ተብሎ በራሱ አነጋገር እንዲመልስ ይደረጋል። ሞካሪዎቹ ሁሉ ከፒያሳና ከአራዳ ከተሰበሰቡ ቅጹ ለከተሜ ብቻ ይሠራል፤ ከጭልጋ፣ ከበለሳና ከወገራ የመጡ፣ ማንበብ የማይችሉም ይካተቱ።